ኪሮስ እና ፀሐይ የበላው ባትሪ

ባሌ ኪሮስ የባትሪ ድንጋይ ሲመረምር ያየ ሰው፣ ሰውየው ጤና የለውም ይላል። መጀመሪያ ያሸተዋል። ቀጥሎ ልባሱን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ ያደርጋል። ከዚያ ጉንጩ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና ሙቀቱን ይለካል። መለኪያውን፣ ቴስተር የሚሉትን፣ የሚያነሳው ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ በበኩሌ ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር ጉንጩን እንዲህ ሰጥቶኝ አያውቅም። ይኼንን ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ጆሮ የለውም።

የሻረግ እባላለሁ። ቆቦ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው በረንዳ ልብስ እሰፋለሁ። የሱ ጠረጴዛ ከኔ የስፌት መኪና አጠገብ ነው። ጥላችን አንድ፣ አቧራችን አንድ፣ ደንበኞቻችንም ብዙውን ጊዜ አንድ ናቸው፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ባትሪ ያሠራል፣ ባትሪ ሊያሠራ የመጣው ቁልፍ ያስተክላል። ስለዚህ ስለ ኪሮስ ማወቅ የፈለገ ሰው እሱን ባይጠይቅ ይሻላል። እኔን ይጠይቅ።

እናቱ የማይጨው ሰው ናቸው፤ አባቱ እህል ነጋዴ ነበሩ፣ እዚሁ ቆቦ ነው ያደገው። በአማርኛ ይናገራል፣ ሲናደድና ሲጨነቅ ግን በእናቱ ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ ያጉረመርማል። ድሮ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። በዚያ ክፉ ጊዜ መብራት ሲጠፋና ወፍጮው ሲቆም ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀመጠ። ያን ጊዜ አገሩ በሙሉ ጨለማ ነው፤ ሰው የእጅ ባትሪውን ይዞ የሚሠራለት ፍለጋ ይዞራል። ኪሮስም የሞተ ባትሪ እየሰበሰበ እየፈታ፣ እያበላሸ፣ እየጠየቀ ተማረ። መብራቱ ሲመለስ ወፍጮው ተነሣ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ባትሪው ሲበራለት ፊቱ የሚሆነውን ካየ በኋላ ዱቄት መስፈር እንደማይሆንለት ነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ በደንብ ይዤዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ አገር ባትሪ የምንለው የእጅ መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባው ድንጋይ ነው የሚባለው። የድሮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ እናስመታው ነበር። እያንዳንዱ ቤት ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ታያላችሁ። አንዳንዱም በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርገዋል። ከዚያ ለአንድ ምሽት፣ አልፎ አልፎም ለሁለት ምሽት ያበራል። ይኼን ያላደረገ የራያ ሰው የለም። አሁን የመጣው ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ግን፣ ኪሮስ ሊቲየም የሚለው፣ ሌላ ነው። ብርሃኑ ኃይለኛ ነው፣ ሩቅ ይሄዳል፤ ፀሐይ ግን አይችልም። ሙቀት ሲበዛበት ያብጣል፣ ቻርጅ መያዝ ያቅተዋል፣ ከባሰም ይነዳል። የቆቦ ፀሐይ ደግሞ የት እንደሚደርስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኪሮስ ባትሪ ሠርቶ ሲመልስ ጣቱን ቀስሮ ይኼንን ሳይናገር ሰው አይሸኝም።

አያ እንድሪስ መጀመሪያ የመጡት ሐምሌ ውስጥ ነው። ከሮቢት በታች ካለች መንደር ናቸው፤ ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ዱላቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሽማግሌ ገበሬ። ባትሪያቸውን ከሽርጣቸው እጥፋት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ዓይኑ ደከመ አሉ።

ኪሮስ ፈታው። ሁለት ድንጋይ የሚጎርስ ባትሪ ነው። በቴስተር ሲያያቸው ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ አምፖል ሲያሸክማቸው ግን አንደኛው ወዲያው ይወድቃል። ሲለኩት ጤነኛ፣ ሲያሠሩት በሽተኛ ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን አውቃለሁ አልኩት። ስፕሪንጉን ጠረገ፣ የዛገውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ሁለቱንም ድንጋይ ቀየረ። የታመመውን ብቻ ለምን አትቀይርም ብለው ነበር አያ እንድሪስ፤ አሮጌና አዲስ አብሮ ሲሰለፍ አዲሱ አሮጌውን ሲጎትት ይሞታል ብሎ አስረዳቸው። ከዚያ እንደ ልማዱ ጣቱን ቀስሮ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል ወይ ሲል ጠየቀ። ኧረ እኔ አላስቀምጥም አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ባትሪው ድርግም ብሏል። አንደኛው ድንጋይ አብጦ ከቱቦው አልወጣ ብሎ በስንት ማንኳኳት ነው የወጣው። ኪሮስ ግራ ገባው። ቻርጀሩን፣ ሮቢት ሲወጡ የሚሰኩትን፣ ለካ፤ ደህና ነው። ማብሪያው ጠፍቶም ኃይል ይስብ እንደሆነ አየ፤ አይስብም። ሽቦውን አንድ በአንድ ተከታተለ፤ ምንም የለም። ድንጋዩን የሸጠለት ልጅ ዘንድ ሄዶ ተጨቃጨቀ፣ ልጁም በእናቱ እየማለ ከዚያው ካርቶን የሸጠላቸውን ሰዎች ጠርቶ አሳየው። የሁሉም ይሠራል።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ለአንድ ባትሪ ይኼን ያህል መንገድ ከሮቢት መመላለስ ምንድን ነው፣ ስልክም እኮ መብራት አለው አልኳቸው። አያ እንድሪስ አልተቆጡም። ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡና ነገሩኝ።

ሚስታቸው እቴ ሀሊሜ አትሰማም። የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። ትናገራለች፤ ራሷን ግን አትሰማም። ልጆቹ አረብ አገር ናቸው፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማሳቸው ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። ክረምት ሲመጣ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በየተራው እየጠለፈ ነው ማሳውን የሚያጠጣው፤ ጎርፉ ሲመጣ ባለቤቱ እዚያ ከሌለ ማሽላው ሳይጠጣ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ እሳቸው ተራቸው በሆነ ቀን ከምሽት ጀምሮ ማዶ ናቸው፣ እሷ እቤት። ስልክ ለሷ ምን ያደርግላታል? ሲመሽ ከማዶ ባትሪ ያበሩላታል፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ደህና ነኝ ማለት ነው። እሷ ኩራዟን ከፍ ታደርጋለች። ከዚያ ገብታ ትተኛለች። ትኩሳቱ ካለፈ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት።

የቀረውን ኪሮስን እያዩ ነው የተናገሩት። ኪሮስ የሠራላቸው ባትሪ አንድ ምሽት አልበራ አለ። እቴ ሀሊሜ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ሰውየው ወድቋል ብላ ወንዙ ውስጥ ወረደች። እኛ ዘንድ ጎርፍ ሲመጣ በላያችን ዝናብ የለም፤ ዝናቡ ደጋ ነው፣ ጆሮ ያለው ሰው ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ ይሸሻል። እሷ አልሰማችም። ከብት የሚያስገባ ጎረቤት ልብሷን ይዞ ጎትቶ ሲያወጣት ውኃው ከወገቧ አልፏል።

"ባትሪው ካልበራ ትወርዳለች" አሉ አያ እንድሪስ። "ተይ ብዬ በእጄ ምዬ ገዝቼ ነግሬያታለሁ። እሺ ትላለች። ካልበራ ግን ትወርዳለች።"

ኪሮስ ያን ቀን እራቱን አልበላም። ከየሻጩ የለቀማቸውን ድንጋዮች እየፈተነ፣ ይኼኛው ቶሎ ይሞቃል፣ ያኛው ሲያድር ይጎድላል እያለ፣ የሚያምናቸውን ሁለት መርጦ ከቶ ላከላቸው። ዳግመኛ ከሞተ ይኼን ጠረጴዛ አቃጥለዋለሁ አለኝ። ጠረጴዛው የእናቴ ነው፣ አንተን ነው የማቃጥልህ አልኩት።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። አያ እንድሪስ ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ሰላምታቸውም አጭር ነበር፤ ባትሪውን አስቀምጠው ወደ መንገዱ ዞሩ። ኪሮስ ድንጋዩን አውጥቶ ጉንጩ ላይ ለጠፈው። ከዚያ አወረደውና ወይለይ አለ፣ ወዮልኝ ማለቱ ነው፣ እንደ እናቱ። ሁለቱም ሞተዋል። ምሽት ላይ እየፈዘዘ ከሳምንት በላይ እንዳልቆየ፣ አሁን ጎርፉ በየቀኑ በሚባል ደረጃ እየወረደ እንደሆነ ሽማግሌው ፊታቸውን ሳያዞሩ ነገሩት።

ከመኪናዬ ተነሥቼ ድንጋዩን ተቀበልኩት። አገላብጬ አየሁት። ልባሱ ተኮማትሯል፤ በአንድ ጎኑ ቀለሙ ደብዝዟል፣ በሌላው ጎን እንደ አዲስ ነው። ይኼንን አውቀዋለሁ። በረንዳው ጫፍ ላይ የምሰቅለው ቀሚስ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ፀሐይ የሚያየው ጎኑ ብቻ ይነጣል። ይኼ ፀሐይ የበላው ነው አልኩት። እሳቸው አላስቀምጥም ብለዋል እኮ አለኝ። እሳቸው ምን እንዳሉ አላውቅም፣ ልባሱ ግን ፀሐይ ላይ ውሏል፣ አንድ ቀን ብቻም አይደለም አልኩት። ኪሮስ እንደገና ጠየቃቸው። አያ እንድሪስ እኔ አላስቀምጥም አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ጫማቸው ላይ ጥለው ነው። ኪሮስ ባትሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ነገ ሠርቼ ቤትዎ ድረስ ራሴ አመጣልዎታለሁ ብቻ አላቸው።

ኪሮስ ደንበኛ ቤት ሄዶ አያውቅም። እኔም ተከተልኩት። ምክንያቴን ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ይኼ ሰው ብቻውን ሄዶ ምን እንደሚናገር አላምነውም አልኩ። እውነቱ ግን ያቺን ሴት ማየት ፈልጌ ነው። እስከ ሮቢት በባጃጅ ሄድን፣ ከዚያ በእግር በማሽላው መሀል ወረድን። ማሽላው ከኪሮስ ራስ በላይ ቆሟል። እሱ አንድ ትልቅ ፌስታል በብብቱ ይዟል፤ ምንድን ነው ስለው መሣሪያ ነው ይለኛል።

እቴ ሀሊሜ ደጅ ላይ ተቀበለችን። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት ናት። አቀፈችኝ፣ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ልጇ አገላብጣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንቱ ማለት አላስቻለኝም። ድምፅዋ ጮክ ያለ ነው፣ ለገበያ ሙሉ ሰው እንደምትናገር። በቆሎ እሸት ጠብሳ አቀረበችልን፣ "ጾማችሁ ነው ብዬ ነው ወተቱን የተውኩት" አለች፤ ከጓዳ እስከ ጎረቤት የሚሰማ ነው። አያ እንድሪስ መደብ ላይ ጋደም ብለው ነበር፤ ቀና አሉ።

ኪሮስ ባትሪውን አወጣ። እቴ ሀሊሜ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። በጣም ነው ደስ ያላት። እኛ ሳንጠብቅ የኋላ ክዳኑን አዙራ ከፈተችው፣ ድንጋዮቹን አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገቻቸውና ወደ ፍየሎቹ ማደሪያ ሄደች። ዝቅ ያለች የቆርቆሮ ጣሪያ አለችው። ድንጋዮቹን እዚያ ላይ፣ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት በኩል፣ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው።

"እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው" አለችን ዞር ብላ። "ፀሐይ ሲጠጡ ይበረታሉ። እሱ ጠዋት ሲገባ ይተኛል፤ እኔ ይኼንን እሠራለታለሁ።"

ኪሮስ ተስፈንጥሮ ተነሣ። አያ እንድሪስ ክንዱን ያዙት። ተቀመጥ ልጄ አሉት፣ ቀስ ብለው። ቀስ ማለት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ እሷ እዚያ ቆማ እያየችን ትስቃለች እንጂ አንድም ቃል አትሰማም። ነገሩን ሁሉ እንደዚያ እየሳቀች ባለችበት፣ እሳቸውም ፊታቸውን እንዳታነብባቸው ፈገግ እያሉ ነው የነገሩን። ያወቁት ከጎርፉ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ገና ሳይተኙ፣ ድንጋዩን አውጥታ ስታስተኛ አይተዋታል። ከዚያ በፊት ተኝተው ነበር የሚውሉት።

"ታዲያ ለምን አይነግሯትም?" አልኩ። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም።

ሁለት እጃቸውን አንሥተው አሳዩኝ። የገበሬ እጅ ነው፣ የተሰነጣጠቀ። "በምን ልንገራት? ይኼ እጅ ማለስለሻ የለውም። አንቺ እላለሁ፣ ፀሐይ እላለሁ፣ ከዚያ ገደልሽው እላለሁ። በቃ ይኼው ነው ያለኝ። እሷ ጎርፍ ውስጥ የገባችው እኔን ፍለጋ ነው። መብራቱን ያጠፋችው ራሷ መሆኗን ካወቀች ሁለተኛ የኔን ዕቃ በእጇ አትነካም። አውቃታለሁ።"

ነገ ጎርፍ ቢወስዳትስ አልኳቸው። ይኼን ባልልም ጥሩ ነበር፤ ግን አልኩት። እሱን እያሰብኩ ነው የማድረው አሉ። ፈገግታቸው እንዳለ ነው፣ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። አንጀቴን በሉት። ባትሪ ይሠራልኝ ብሎ ከሮቢት ቆቦ መመላለስ፣ ኪሮስ ፊት ውሸታም መስሎ መቆም፣ ይኼ ሁሉ ሚስቱ እንዳታፍር ነው። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ጮኼ ጨርሼው ነበር።

ኪሮስ ተነሣ። ፌስታሉን ፈታ። ከውስጡ ያወጣው የኔን ሶላር ነው። አዎ፣ የኔን፤ መብራት ሲቆራረጥ የምሰፋበትን አምፖል የሚያበራልኝን፣ በረንዳው ጣሪያ ላይ ያሰርኩትን። ጠዋት በበረንዳው ስናልፍ ጣሪያው ላይ የለም፣ ሌባ ወስዶት ይሆናል ብዬ መንገዱን ሙሉ ስራገም ነበር፣ እሱም አብሮኝ ሲራገም ነበር። አንተ ሰውዬ ብዬ ጮኽኩ። ልባሱን ካየሽልኝ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ የሚያስመታ ሰው እቤት እንዳለ ገብቶኛል፣ ያንን ሰው ፀሐይ ከልክዬ አልሄድም ብዬ ነው ያመጣሁት አለኝ። ብነግርሽ ትጮሂ ነበር አለ። አሁንስ ምን እያደረግሁ ይመስልሃል አልኩት። እቴ ሀሊሜ ስጮህ አይታኝ፣ እየቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ሳቋን ሳይ ቁጣዬ የት እንደገባ ጠፋኝ። ይውሰዱት አልኩ፤ አንዴ ወጥቷል እኮ።

ድንጋዮቹን ከቆርቆሮው ላይ አንሥቶ ጉንጩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ገና ሞቅ ብለው ነበር፣ አልተጎዱም። ጥላ ውስጥ አቀዝቅዞ በቴስተር ለካቸውና ባትሪው ውስጥ ከተታቸው። ክዳኑን ዘጋ፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ሞላው፤ ከዚያ በኋላ በእጅ የሚከፈት አይደለም። ሶላሩን ድንጋዮቹ የተኙበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ላይ፣ አስቀመጠው። ባትሪውን እቤት ውስጥ ጥላው ላይ ሰቅሎ ገመዱን በመስኮት አስገባለት። ባትሪው ጎን ላይ ቀይ መብራት ቦግ አለች።

ከዚያ እቴ ሀሊሜን ጠራትና እጇን ይዞ ሶላሩ ላይ አስጋረዳት። ቀይዋ ጠፋች። እጇን አነሣው። ቀይዋ በራች። ከዚያ ወዲያ አልተወችውም፤ ትጋርደዋለች፣ ትገልጠዋለች፣ እየሮጠች ሄዳ በመስኮት ታያለች።

"ይጠጣል!" አለች። "ፀሐይዋን እየጠጣ ነው!"

ድንጋዩስ አለች ቀጥላ። ኪሮስ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሁለት መዳፉን ገጥሞ ጉንጩ ላይ አኖረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀጥሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ድንጋዩ ውስጥ ተኝቷል፤ አትቀስቅሺው። እቴ ሀሊሜ ወዲያው ገባት፤ እሷም ጉንጯን መዳፏ ላይ አጋድማ ራሷን ነቀነቀች። አያ እንድሪስን ሳቅ ያዛቸው፣ በሳቁ መሀል ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። አልሃምዱሊላህ፣ እኔ ይኼኛውን እጅ አላውቀውም ነበር አሉ።

ወዲያው መመለስ እንችል ነበር። ኪሮስ ግን ሲበራ ሳላይ አልሄድም አለ። ከሰዓት በኋላ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አያ እንድሪስ ባትሪውን አንግበው፣ ዶማቸውን ይዘው በአሸዋው ተሻገሩ። እኛ ከእቴ ሀሊሜ ጋር ወንዙ ዳር ወጥተን ቆምን። እኛ ካለንበት ጠብታ ዝናብ የለም።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሰማሁት። መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ ከባድ መኪና ይመስላል። ከዚያ ከመኪና ይበልጣል። ጎርፉ በአሸዋው ላይ ጥቁር ሆኖ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ ደረሰ። እቴ ሀሊሜ አልሰማችም፤ ፊቴን አይታ ነው ያወቀችው። ኩራዟን ከፍ አደረገች። ማዶ ጨለማ ነው። ትንሽ ቆየን። አሁንም ጨለማ ነው። ኪሮስ አጠገቤ ቆሞ ስፕሪንጉ ይሆን፣ ማብሪያው ይሆን፣ ማጣበቂያው ውስጥ ገብቶ ይሆን እያለ በሁለት ቋንቋ ያጉረመርማል። እቴ ሀሊሜ ኩራዙን መሬት ላይ አኖረች። ዞር ብዬ ሳያት ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

ወገቧን ያዝኳት። ያቺ ትንሽ ሴት ጎትታኝ እስከ ዳር ወሰደችኝ፤ ጉልበቷ የት እንደነበር እግዜር ይወቀው። ውኃው እግራችን ሥር ደርሶ ነበር። አይደለም፣ ጎርፍ እየጠለፈ ነው፣ እጁ ሥራ ላይ ነው እያልኩ ጮኽኩባት፣ የማትሰማ መሆኗ ተረስቶኝ። ኪሮስም መጥቶ ክንዷን ያዘ።

"አብራ አባቴ" አለ ወደ ማዶ፣ እየለመነ። "አብራ።"

በራ። አንድ ረጅም። ሁለት አጭር። እቴ ሀሊሜ እጄ ላይ ለቀቅ አለች፤ ደግፌ አቆምኳት። ኪሮስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ምልክቱ ካለቀ በኋላ ባትሪው መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ብርሃኑ በጎርፉ ላይ ተሻግሮ መጣ፣ የኛን ዳር ፈለገ፣ ኪሮስን አለፈ፣ እኔን አለፈ፣ እቴ ሀሊሜ ላይ ሲደርስ ቆመ። የድሮው ድንጋይ ብርሃን እዚህ ድረስ ደርሶ አያውቅም። ፊቷ ላይ ያለው ሽብሽብ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ምን እያለሽ ነው ብዬ በእጄ ጠየቅኋት።

"ምንም አላለም" አለች፤ በሕይወቴ የሰማሁት ዝቅ ያለ ድምፅዋ እሱ ብቻ ነው። "እያየኝ ነው።"

ከዚያ ሻሿ ተንሸራቶ ነበርና አስተካከለችው። የወጣውን ፀጉሯን ወደ ውስጥ መለሰች፣ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገችና፣ ብርሃኑ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመችለት።